ሮክ አሥራ አንደኛው ክር ላይ ሲደርስ፦ የነገዎቹን ዘውጎች በቀልድም በስሌትም መገመት

በፌብሩዋሪ 2025 በግራሚ የምርጥ ሮክ አቀራረብ ሽልማትን የወሰደው በ1970 የተበተነው ቢትልስ ነው። ከአራቱ አባላት ጆን ሌነን በ1980፣ ጆርጅ ሃሪሰን በ2001 ሞተዋል። ተሸላሚው ዘፈን የተገኘው ሌነን በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ፒያኖ እየመታ በካሴት ከቀዳው ሲሆን፣ ድምፁን ከፒያኖው ለይቶ ያወጣው ኮምፒውተር ነው። አራት ወር ቆይቶ ደግሞ ዘ ቬልቬት ሰንዳውን የተባለ፣ የ1970ዎቹን ሮክ የሚመስል «ባንድ» በስፖቲፋይ ብቅ አለና በጥቂት ሳምንታት የወር አድማጩ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። በጁላይ እንደታወቀው ባንዱ ውስጥ ሰው የለም፤ ሥራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የሞቱ አባላት ያሉት ባንድ ሲሸለም፣ ያልተወለዱ አባላት ያሉት ሲደመጥ፣ «ሮክ ሞቷል ወይስ አልሞተም?» የሚለው የቆየ ክርክር መላቅጡን ያጣል። ክርክሩ ራሱ ሁለት ነገር ያምታታል። ኪስ የተባለው የሮክ ባንድ ባስ ጊታር ተጫዋች ጂን ሲመንስ በ2014 «ሮክ በመጨረሻ ሞተ» ሲል ያወራው ስለ ገቢ ነበር። በ2017 ኒልሰን የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ሂፕሆፕና አር ኤንድ ቢ በአሜሪካ በተደማጭነት ሮክን መቅደማቸውን ሲያስታውቅ የለካው ድርሻን ነው። ሁለቱም ስለ አዲስ ዘውግ (የሙዚቃ ዓይነት) መወለድ ወይም አለመወለድ የነገሩን የለም። የሮክ ገበያ ሊጠብ፣ የዘውጎቹ ቁጥር ግን ሊበዛ ይችላል፤ እየሆነ ያለውም ይኸው ነው።

በዚህ መሐል የሙዚቃ ወዳጆች የተለመደ ጨዋታ አላቸው፦ የወደፊቱን ሮክ መገመት። ባለ 40 ክር ጊታር፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመታ ከበሮ፣ በድመት የሚዘፈን ሜታል። ቀልዱን ከምር ወስደን ብንፈትነው የትኛው ግምት ሊሆን እንደሚችል፣ የትኛው በፊዚክስ ተይዞ እንደሚቀር፣ የትኛውስ ቀድሞ እንደተፈጸመ ማየት ይቻላል። የመጨረሻው ዓይነት ከተጠበቀው በላይ ብዙ ነው።

ዘውግ የሚወለደው ዕቃ ሲበላሽ ነው

የሮክ ዘውጎች መነሻ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ታላቅ ሐሳብ አይደለም፤ ብልሽት ነው። ዲስቶርሽንን እንውሰድ። ወደ ማጉያው (አምፕሊፋየር) የሚገባው ምልክት ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲሆን የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል። ይህ ለአሥርት ዓመታት ጥገና የሚያስፈልገው ጉድለት ነበር። በ1951 ሜምፊስ ውስጥ የአይክ ተርነር ባንድ ስቱዲዮ ሲደርስ የጊታሩ ማጉያ ተጎድቶ ተገኘ፤ የስፒከሩን ሾጣጣ ወረቀት ጠቅጥቀውበት ቀዱ። በ1960ዎቹ መባቻ ናሽቪል ውስጥ የአንድ የካንትሪ ዘፈን ባስ ጊታር በተበላሸ የመቅረጫ ሰሌዳ መስመር አልፎ እንደ ጥንዚዛ እየጮኸ ወጣ። የድምፅ ባለሙያው ብልሽቱን በሌላ የኤሌክትሪክ ዑደት ደግሞ ሠራው፤ በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ-ቶን የሚባል ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መቀየሪያ) ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ገዢ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ ተጠቅመውበት ዘፈኑ በዓለም ሲናኝ ግን ከመደብር ጠፋ። በዚህ መሐል፣ በ1964፣ የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ ስፒከሩን በምላጭ ተልትሎ ያንኑ ሻካራ ድምፅ በርካሽ አግኝቶታል።

ሄቪ ሜታልም ከፋብሪካ አደጋ ጋር የተያያዘ ነው። ቶኒ አዮሚ በበርሚንግሃም የቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ የተጎዳው ክር የሚጫነው ቀኝ እጁ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር ተጠቀመ፤ ብላክ ሳባዝ በ1971 ባወጣው ሦስተኛ አልበም ደግሞ በበርካታ ዘፈኖች ጊታሩን አንድ ድምፅ ተኩል ዝቅ አድርጎ ቃኘው። የላላ ክር ለተጎዳ ጣት ይመቻል። ድምፁም ወፈረ፤ ዱም የተባለው ዘውግ የኖረው በዚህ ውርስ ነው።

ሁለተኛው አዋላጅ መሰልቸት ነው፤ ፐንክ በ1976 የመጣው የ10 ደቂቃ ሶሎ ባንገሸገሻቸው ወጣቶች ነው። ሦስተኛው ስም አውጪው ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቀኛ አይደለም።

ስም የሚወጣው በሌላ ሰው ነው

ሹጌዝ የሚለውን ስም ያመጣው የእንግሊዝ የሙዚቃ ፕሬስ ነው። በ1990 ገደማ አንዳንድ ባንዶች መድረክ ላይ አቀርቅረው እግራቸው ሥር ያሉትን ፔዳሎች ብቻ ሲያዩ ያመሹ ስለነበር «ጫማ ተመልካቾች» ተብለው ተቀለደባቸው። ክራውትሮክም የጀርመን ባንዶችን ለመንካት የወጣ ነው። ፖስት-ሮክን በ1994 ያስፋፋው ሐያሲው ሳይመን ሬይኖልድስ ነው። በ2009 ክራብኮር የተባለው ዘውግ ደግሞ ከነጭራሹ ድምፅ አይደለም፤ የአንድ ባንድ ጊታሪስቶች በቪዲዮ ላይ እግራቸውን አንፈራጥጠው እንደ ሸርጣን በመቀመጣቸው የወጣ ፌዝ ነው። ብላክ ሜታል ግን ከራሱ ከቬኖም የ1982 አልበም ርዕስ የተወሰደ በመሆኑ ከዚህ ልማድ ይወጣል።

የስም አወጣጡ ሰዋስው ቀላል ነው፤ ከፊት ቅጥያ፣ ከመሐል ግንድ፣ ከኋላ ቅጥያ። «ፖስት» ማለት የግንዱን ዕቃ ይዞ ልማዱን የተወ ማለት ነው። «ኮር» ከሃርድኮር ፐንክ የመጣ ሲሆን አጭርና ቁጡ መሆንን ያመለክታል። «ጌዝ» ከሹጌዝ ተቆርጦ የጊታር ጭጋግን ይጠቁማል። «ፕሮቶ» ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚለጠፍ ነው፦ ፕሮቶ-ፐንክ የተባሉት ሰዎች ሲጫወቱ ፐንክ ገና አልነበረም። ዛሬ በየመጋዘኑ የሚለማመድ ማንኛውም ባንድ የአንድ ነገር ፕሮቶ ሊሆን ይችላል፤ ለማወቅ ግን ሌሎች እስኪሳካላቸው መጠበቅ አለበት።

እንቁጠር። 6 የፊት ቅጥያ፣ 10 ግንድ፣ 4 የኋላ ቅጥያ ብንወስድ 240 ስም ይወጣል። ሁለት የተለያዩ ግንዶችን በተራ ብናገናኝ 6 በ90 በ4፣ ማለትም 2,160። ይህ የተጋነነ ከመሰለ፣ ስፖቲፋይ በገዛው ኤኮ ኔስት የተባለ ኩባንያ ግሌን ማክዶናልድ የጀመረው የዘውጎች ካርታ በ2023 መጨረሻ ሥራው ሲቋረጥ ከ6,000 በላይ ስሞች ነበሩት። ሮክ ከነዚህ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ብዙዎቹ ስሞች የወጡት ማሽኑ አድማጮቻቸው የሚመሳሰሉ ባንዶችን ሲሰበስብ፣ ሰውም ስብስቡን አይቶ ስም ሲሰጠው ነው። ባንዶቹ እንዲህ ተብለው እንደሚጠሩ ያልሰሙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከእነዚህ ቅልቅሎች የትኛው ይሳካል? ብላክሜታልና ሹጌዝ ተጋብተው ብላክጌዝ ሆነዋል፤ ዴፍሄቨን የተባለው ባንድ በ2013 ለሰፊው አድማጭ አድርሶታል። ሁለቱም ፈጣን የጊታር ፍትጊያንና ጭጋግን ስለሚወዱ ጋብቻው ያለ ችግር ቆመ። በአንጻሩ «ማዝጌዝ»ን እናስብ። ማዝ ሮክ የሚኖረው አድማጩ ቆጥሮ ሊከተለው በሚታገል ጎዶሎ ምት ነው። ጊታሪስቱ በደቂቃ 180 ምት ላይ በእያንዳንዱ ምት 4 ድምፅ ቢመታ በሰከንድ 12 ድምፅ ይሆናል። በዚህ ላይ የሹጌዝ 4 ሰከንድ ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፁ ካበቃ በኋላ የሚቀረው ማስተጋባት፣ ሲጨመር 48 ድምፆች በአንድ ጊዜ ያስተጋባሉ። ሊቆጠር የሚገባው ነገር ሊሰማ አይችልም። ሙዚቀኛው በ11/8 ይጫወት በ4/4 የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ቢሳሳትም ከሳሽ የለውም። የዚህ ዘውግ ዕጣ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ወይም ለሰነፍ ማዝ ሮከሮች መሸሸጊያ ይሆናል።

ወደ ታች፦ ክር ሲጨመር

ከወደፊት ግምቶች ሁሉ በስሌት ለመያዝ የሚመቸው «ጊታሩ ስንት ክር ይደርሳል?» የሚለው ነው። መደበኛው ጊታር 6 ክር ሲኖረው ወፍራሙ በ82.4 ሄርዝ ይቃኛል፤ ሄርዝ በሰከንድ የሚደረግ የንዝረት ቁጥር ነው። 7ኛው ክር 61.7፣ 8ኛው 46.2፣ 9ኛው 34.6፣ 10ኛው 26.0፣ 11ኛው 19.4 ሄርዝ ላይ ያርፋል። የሰው ጆሮ ንዝረትን እንደ አንድ ቀጣይ ድምፅ መስማት የሚችለው ከ20 ሄርዝ ገደማ ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ንዝረት ተነጥሎ ይቆጠራል። ድንበሩ በአንድ ነጥብ የሚቆም ሳይሆን ቀስ እያለ የሚቀየር ቢሆንም አሥራ አንደኛው ክር የሚያርፈው ከወዲያኛው ወገን ጠርዝ ላይ ነው።

አይባኔዝ ባለ 7 ክር ጊታር በብዛት ማምረት የጀመረው በ1990፣ ባለ 8 በ2007፣ ባለ 9 በ2014 ነው። ልዩነቱ 17 ዓመት፣ ከዚያ 7። ልዩነቱ በዚሁ መጠን እያጠረ ቢሄድ 10ኛው ክር በ2017፣ 11ኛው በ2018 መምጣት ነበረበት። ያ ጊዜ አልፏል። ለብቻ በትዕዛዝ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከ9 በላይ ክር ያስራሉ እንጂ ገበያው አልተከተለም። ለምን?

አንደኛው መልስ ክሩ ነው። የንዝረቱ ቁጥር የሚወሰነው በርዝመት፣ በውጥረትና በክብደት ነው። መደበኛው 6ኛ ክር 1.17 ሚሊሜትር ገደማ ወፍራም፣ 64.8 ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ የተወጠረ ሲሆን ወደ 8 ኪሎ ይስባል። ያንኑ ክር ሳንቀይር ወደ 8ኛው ክር ቅኝት ብናወርደው ውጥረቱ ወደ 2.5 ኪሎ ይወርድና ክሩ ፍሬቱ (በጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ይንቀጫቀጫል፤ በተመታ ቁጥር መጀመሪያ ከፍ ብሎ ከዚያ ወደ ቅኝቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ ክሩ መወፈር ወይም መርዘም አለበት። ለ8 ክር 68.6 ሴንቲሜትር ርዝመትና ወደ 1.9 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክር ይበቃል። ለ11ኛው ክር ግን ርዝመቱ ሳይቀየር ውጥረቱን ለማስጠበቅ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያስፈልጋል፤ በዚህ ውፍረት ክሩ ከመርገብገብ ይልቅ እንደ ብረት ዘንግ ግትር ይሆንና አጃቢ ድምፆቹ ከቅኝት ይወጣሉ። ውፍረቱን ትተን ብናስረዝመው ደግሞ 2 ሜትር ከ75 ይሆናል። የመጀመሪያውን ፍሬት የሚጫን ሁለተኛ ሰው መቅጠር ግድ ነው። ባንዱ ይህን «የጋራ ፈጠራ» ብሎ ሊያስተዋውቀው ይችላል።

ሁለተኛው መልስ ከመቅረጫ ክፍሉ ይመጣል፤ ብዙ ጊታሪስት ግን መስማት አይወድም። የድምፅ ባለሙያው ሲያቀናብር ከጊታሩ ላይ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ያለውን ብዙውን ጊዜ ይቆርጠዋል፤ ቦታው የባስ ጊታርና የእግር ከበሮው ነውና ሁሉም እዚያ ከተከመረ የሚሰማው ድብልቅልቅ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው 46 ሄርዝ ለማግኘት ውድ ጊታር ይገዛል፣ ባለሙያው 46 ሄርዙን ያስወግዳል፣ አድማጩ ደግሞ እሱን ማውጣት በማይችል የስልክ ስፒከር ይሰማል። ሆኖም ድምፁ ወፍራም ሆኖ ይደመጣል። አንጎል በ92 እና በ138 ሄርዝ ያሉትን አጃቢ ድምፆች ይዞ የጎደለውን መሠረት ራሱ ስለሚሞላ ነው። ሜሹጋ የተባለው ባንድ የሚጫወተው ዓይነት ባለ 8 ክር ሜታል ክብደቱን የሚያገኘው ከጉድጓዱ ወለል ሳይሆን ከዚህ የአጃቢ ድምፆች ንክሻ ነው፤ ጄንት የተባለውም ዘውግ ስሙን ያገኘው ክሩ በመዳፍ ታፍኖ ሲመታ ከሚወጣው ድምፅ ነው።

ባሲስቱንም ማስታወስ ይገባል። የባስ ጊታር ወፍራም ክር 41.2 ሄርዝ ነው፤ ባለ 9 ክር ጊታር ከሱ በታች ወርዷል። ባሲስቱ ወይ ይከተለዋል ወይ ወደ ላይ ወጥቶ ዜማ ይጫወታል። በዚህ ከቀጠለ ባስ ጊታር ቀጭኑ መሣሪያ የሚሆንበት ዘውግ ሩቅ አይደለም፤ ከቀልዶቹ ሁሉ ዛሬ በእጅ ባለ መሣሪያ ሊፈጸም የሚችለው ይህ ነው።

ወደ ላይ፦ ከበሮው ሲፈጥን

ፍጥነትም የራሱ ቀመር አለው። ብላስት ቢት የሚባለው አመታት የእጅ ከበሮው፣ የእግር ከበሮውና ሲምባሉ (የብረት ሳህኑ) ያለ ፋታ የሚፈራረቁበት ሲሆን ግራይንድኮርና ዴዝ ሜታል የተባሉት ፈጣን ዘውጎች በእሱ ይቆማሉ። በደቂቃ 250 ምት፣ በእያንዳንዱ ምት 4 ቢመታ በሰከንድ 16.7 ነው። 300 ላይ ሲደርስ በሰከንድ 20 ይሆናል። 20 ምት በሰከንድ ማለት ደግሞ 20 ሄርዝ ነው። ከበሮው ከበሮ መሆኑ ያከትምና ዝቅተኛ ድምፅ መሆን ይጀምራል።

ሰው እዚህ ደርሷል ወይ? ካናዳዊው ቶም ግሮሴት በ2013 በ60 ሰከንድ 1,208 ጊዜ በመምታት ክብረ ወሰን ይዞ ነበር፤ በሰከንድ 20.1። በኤሌክትሮኒክስ በኩል ኤክስትራቶን የተባለ ዘውግ በደቂቃ ከ1,000 ምት በላይ እየሄደ ይህንኑ መስመር ሆን ብሎ ይሻገራል።

ከዚህ የሚከተለው ለሮክ የወደፊት ዕጣ ከሁሉ የሚያስቀው ይመስለኛል። ዘገምተኛውና ወፍራሙ ዱም ክር እየጨመረ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፈጣኑ ግራይንድኮር ምት እየጨመረ ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ለዜማ የሰጠው ድምፅ ተበትኖ ምት ይሆናል፤ የሌላው ምት ተጠጋግቶ ዜማ ይሆናል። ሁለቱም 20 ሄርዝ ላይ ይገናኛሉ፤ እዚያ ጋ የአሥራ አንደኛው ክር ጊታሪስትና የ300 ምት ከበሮ መቺ የሚያወጡት ተመሳሳይ ጉርምርምታ ነው። ለ40 ዓመታት ሲናናቁ የኖሩ ሁለት ወገኖች አንድ ዘውግ ይሆናሉ ማለት ነው። ስሙ ላይ ግን አይስማሙም።

ዘገምተኝነት ራሱ ገደብ የለውም ይባላል። በጀርመን ሃልበርሽታት በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወት የአቀናባሪው ጆን ኬጅ ሥራ በ2001 ተጀምሮ በ2640 ያበቃል፤ በፌብሩዋሪ 2024 አንድ ጊዜ ድምፅ ቀይሯል። የሮክ ዋና መሣሪያ ግን ኦርጋን ሳይሆን ጊታር ነው። የተመታ የጊታር ክር ከ20 ሰከንድ በላይ እምብዛም አይቆይም፤ እንዲቆይ ማጉያው እስኪያፏጭ ከፍ ማድረግና ጊታሩን ፊቱ ማቆም ይጠይቃል። 639 ዓመት የሚቆም ጊታሪስት አይገኝም፤ የመብራት ክፍያውም አለ።

31ኛው ሰከንድ

እስካሁን ያየነው የፊዚክስን ግድግዳ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ግድግዳ ከዚህም የጠበበ ነው። በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን እንደተደመጠ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን አይከፈልበትም። የ7 ደቂቃ ዘፈንም የ31 ሰከንድ ዘፈንም እኩል አንድ ጊዜ ይቆጠራሉ። ይህ ሕግ የፖፕ አዝማችን ወደ መጀመሪያው 30 ሰከንድ ጎትቷል፣ የጊታር መግቢያን አሳጥሯል፣ ሶሎን ቀንሷል።

ቀልደኞቹ የሚተነብዩት የ31 ሰከንድ ሮክ ነው። ነገሩ ትንቢት አይደለም፤ ቨልፍፔክ የተባለው የፈንክ ባንድ በ2014 ከ30 ሰከንድ ትንሽ የሚበልጡ 10 ፍጹም ጸጥ ያሉ «ዘፈኖች» አውጥቶ ተከታዮቹ ተኝተው እንዲያስደምጡት በመጠየቅ ወደ 20,000 ዶላር ሰብስቧል፤ ስፖቲፋይ ከዚያ አነሳው። ከዚህ በተቃራኒ የናፓልም ዴዝ 1.316 ሰከንድ የሚፈጀው ዘፈን፣ በጊነስ አጭሩ ተብሎ የተመዘገበው፣ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም እንኳ ለክፍያ የሚበቃ ርዝመት የለውም። ግራይንድኮር ከኖሩት ዘውጎች ሁሉ ለአጭር ትኩረት የተመቸ ሆኖ ሳለ በክፍያ ሕጉ የሚጎዳውም እሱ ነው። መፍትሔው የ1.3 ሰከንድ ዘፈን አስከትሎ 30 ሰከንድ ጸጥታ መጨመር ነው፤ ፖስት-ግራይንድ ሊባል ይችላል።

ኃይልም ዋጋ አጥቷል። እንደ ስፖቲፋይ ያሉ ማሰራጫዎች የሁሉንም ዘፈን የድምፅ መጠን ወደ አንድ ደረጃ ስለሚያስተካክሉ ጆሮ ሰንጣቂው ኖይዝ ሮክና የሕፃን እሹሩሩ እኩል ይጮኻሉ።

ያረጀ ሲታደስ፣ የታደሰ ሲያረጅ

የናፍቆት ዑደት እየፈጠነ ሄዶ አንድ ቀን ባንዶች የራሳቸውን የጠዋት ልምምድ ከሰዓት በኋላ ይናፍቃሉ የሚል ቀልድ አለ። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። ስትሮክስ የተባለው ባንድ በ2001 የ1970ዎቹን አጋማሽ የኒው ዮርክ ድምፅ ይዞ መጣ፤ ሩብ ምዕተ ዓመት። በ1991 ጫፍ የደረሰው ሹጌዝ በቲክቶክ አማካይነት ዳግም የሞቀው በ2020ዎቹ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ። የ2000ው ባንድ ሊንኪን ፓርክ በ2024 በአዲስ ዘፋኝ ተመለሰ። ርቀቱ ከ20 በታች የማይወርድበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ በ17 ዓመቱ የወደደው ሰው ትኬት ለመግዛት አቅም የሚያገኘው 40 ሲሞላው ነው፤ የዛሬው የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ ያን ድምፅ አዲስ ብሎ ለመስማት ወላጆቹ መተዋቸውን ማየት አለበት።

አዲሱ ነገር ሌላ ነው። አባ የተባለው የስዊድን የፖፕ ቡድን አባላት በሜይ 2022 በለንደን በዲጂታል ምስላቸው መድረክ ወጡ፤ ኪስም በዲሴምበር 2023 የመጨረሻ ትርዒታቸውን እንዳበቁ ዲጂታል ምስሎቻቸው እንደሚተኩዋቸው አስታወቁ። ኪስ በ2000ም የስንብት ጉዞ አድርገው ነበር። የሮክ ኢኮኖሚ ትልቁ ምሰሶ መሰነባበትና መመለስ ነው፤ የማያረጅና የማይጣላ ምስል ግን ሊሰናበት አይችልም፣ ስለዚህም ሊመለስ አይችልም። አዘጋጆቹ ምስሎቹን አጣልተው ለ10 ዓመት ማለያየት ሊኖርባቸው ነው።

ዘፋኙ ማነው?

በድመት የሚዘፈን ሜታል ይመጣል ለሚሉ፦ ዘግይታችኋል። ሄትቢክ የተባለው የባልቲሞር ዴዝ ሜታል ባንድ በ2003 ሲመሠረት ድምፃዊው ዋልዶ የተባለ ግራጫ በቀቀን ነበር። ካናይነስ የተባለው ባንድ ደግሞ ድምፃውያኑ ሁለት ውሾች ነበሩ። በ2013 መድረክ የወጣው ኮምፕረሰርሄድ ሙሉ በሙሉ ሮቦት ነው፤ ከበሮ መቺው አራት እጅ አለው። ይህ ሁሉ ሆኖም በቀቀን-ሜታል፣ ውሻ-ሜታል፣ ሮቦት-ሜታል የሚባሉ ዘውጎች አልተስፋፉም። እንግዳ መሆን ብቻውን ዘውግ አይሠራም፤ ሌላ ባንድ ሊቀዳው የሚችል አሠራር ያስፈልጋል። ፈዝ ፔዳል ከሱቅ ይገዛል። ትዕግሥተኛ በቀቀን አይገዛም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። አንዱ ወገን፣ ማሽኑ ከሰማው መሐል በብዛት የሚከሰተውን ስለሚመርጥ አዲስ ዘውግ ሊያወጣ አይችልም ይላል፤ ቬልቬት ሰንዳውን የ1970ዎቹን ድምፅ መድገሙን ይጠቅሳል። ሌላው፣ ሰውም ከሰማው ነው የሚሠራው፣ ልዩነቱ የመጠን ነው ይላል። ዳዳቦትስ የተባለው የሁለት ሰዎች ቡድን ያደረገው ሙከራ ለሁለቱም ይጠቅማል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ2019 አርክስፓየር በተባለ የካናዳ ባንድ ሥራዎች ማሽን አሠልጥነው ያለማቋረጥ የሚፈስ ዴዝ ሜታል በዩቲዩብ ለቀቁ። የተሳካላቸው ዘውጉ ፈጣን፣ ወጥና የተጨናነቀ ስለሆነ የማሽኑ ስሕተት እንደ ዘይቤ ስለሚቆጠር ነው። ረጋ ያለ፣ አንድ ድምፅ ተነጥሎ የሚሰማበት ዘፈን ቢሆን በወቅቱ በ10 ሰከንድ ይጋለጥ ነበር።

ሚዛኑ ወደ መጀመሪያው ወገን የሚያደላ ይመስለኛል፤ ምክንያቴ ግን ነፍስ ምናምን አይደለም። ፐንክ የተወለደው አንድ ሰው በረጃጅም ሶሎዎች የሚታወቀውን ፕሮግረሲቭ ሮክን ስለጠላ ነው። ማሽኑ የሚጠላው የለውም። የቀረበለትን ሁሉ በእኩል ትሕትና ይጨርሳል።

ቀጣዩ ፈዝ

ቢሆንም ማሽኑ ለዘውግ መወለድ የሚያስፈልገውን ዋና ነገር ይዟል፤ ይበላሻል። የመጀመሪያዎቹ የዘፈን ማመንጫዎች ስሕተት ተለይቶ ይታወቃል። ሲምባሉ ሲመታ መጀመሪያውና መጨረሻው ሳይለይ አንድ ወጥ ሹሹታ ይሆናል። የዘፋኙ ድምፅ ላይ የብረት ንዝረት የመሰለ ብልጭልጭታ ይንሳፈፋል። ግጥሙ መሐል ቃል የሚመስል ቃል ያልሆነ ነገር ይወጣል። ጊታሩ ሶሎ ጀምሮ ሳያስታውቅ ሳክስፎን ሆኖ ይጨርሳል። ዘፈኑ ማለቅ ሲገባው አያልቅም፣ ሳያልቅ ይቆማል። ኩባንያዎቹ እነዚህን ለማጥፋት እየሠሩ ነው፣ እያጠፏቸውም ነው። ፈዝም ዋጋ ያገኘው የጠራ ድምፅ በቀላሉ መገኘት ከጀመረ በኋላ ነው። በ1997 የዘፋኝን ቅኝት ለማስተካከያ ተብሎ የወጣው አውቶቲዩን በቀጣዩ ዓመት ሆን ተብሎ ከልክ በላይ ተወጥሮ የድምፃዊቷን የሼርን ዘፈን ዓለም አቀፍ ተወዳጅ አድርጎታል።

ስለዚህ በቂ ምክንያት ያለው ግምት ይህ ነው፦ ማሽኖቹ እንከን አልባ ሲሆኑ፣ አራት ወጣቶች የ2023ቱን የማሽን ስሕተት በእጃቸው መጫወት ይጀምራሉ። መሥራት ከባድ አይደለም። ሲምባሉ ላይ ጨርቅ ተጣብቆ በብሩሽ ይመታል፤ መነሻው ይጠፋል። ድምፃዊው በዝግታ በሚሽከረከር ፌዘር ፔዳል ውስጥ ይዘፍናል፤ በየሦስተኛው ስንኝ ተነባቢዎቹን ያምታታል። ጊታሪስቱ በሶሎው አጋማሽ ላይ የድምፅ መጠን ፔዳሉን ወደ ዜሮ ሲያወርድ ሳክስፎኒስቱ በዚያው ድምፅ ላይ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ቅብብሉ ከግማሽ ሰከንድ ካለፈ ዘዴው ይጋለጣል። አስቸጋሪው ከበሮው ነው፤ ሰው ሲደክም ምቱን ያዘገያል እንጂ ማሽኑ እንደሚያደርገው ሳያዘገይ ስንተኛው ምት ላይ እንደሆነ አይረሳም። ይህን ለመለማመድ ሁለት ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ)፣ በአንዱ ጆሮ 120፣ በሌላው 121 ማሰማት ይረዳል። ሁለቱ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኛሉ፤ በመሐሉ ከበሮ መቺው የትኛውን መከተል እንዳለበት ይጠፋዋል፣ የሚፈለገውም መጥፋቱ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሐያሲ በፌዝ ስም ያወጣላቸዋል፤ ባንዶቹም በቃለ ምልልስ ሁሉ እኛ የዚያ ዘውግ አይደለንም ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት ስሕተቱን የሚሠራ ፔዳል ይሸጣል። ፐንክ በ1976 ጫጫታ አስነስቶ «ፖስት» የሚለው ቅጥያ የተለጠፈበት በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ላይ ስለነበር፣ ሦስተኛው ዓመት ሳይገባ ፖስት ይባላሉ፤ ያን ጊዜ ጊታሪስቱ ሶሎውን እስከ መጨረሻው በጊታር መጫወት ይፈቀድለታል።